ሥራውንማ ትችላለች

ወንድሜ የሸጠኝ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ነው። ውሃው ድምፁን የሚደብቅለት መስሎት ነበር። የእኛ መታጠቢያ ቤት ግን ከወጥ ቤቱ የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ከላይ ደግሞ እርጥበት ይውጣባት ተብላ የተተወች ቀዳዳ አለች። እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ቢያነጥስ እዚህ ድስት የሚያማስለው ሰው "ይማርህ" ይለዋል። እኔ ሻይ እየጣድኩ ነበር። "ሥራውንማ ትችላለች" ሲል ሰማሁት፤ "እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም፣ ከሁላችንም በላይ ትችላለች። ግን እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ፣ ከእኛ ጋር አትሄድም፣ ብሮ። ባህላችን ውስጥ አትገባም። አይ፣ እህቴ ስለሆነችማ አይደለም... አዎ፣ ከአምስት ነጥብ አንድ ነው የሰጠኋት።" ከዚያ ውሃው ተዘጋ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ውሃ ቢሮ የሠራሁ ሰው ነኝና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በከንቱ በፈሰሰው ውሃ ነበር። የራሴ ነገር የገባኝ ሻዩ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲንጨረጨር ነው።

ፊቱን ታጥቦ፣ ጺሙን አበጥሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው መጥቶ ቁጭ አለ። ሰላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጺሙ ደረቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እኔና እማዬ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምንለው። እኔ አሳደግኩት አልልም፣ ያሳደገችው እናቱ ናት። የመጀመሪያዋን የኮድ መስመር ግን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እዚህችው ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ እግሯ አጥሮ ካርቶን የተወተፈላት ጠረጴዛ ላይ፣ ከቢሮ በተዋስኳት አሮጌ ኮምፒውተር። እማዬ ዳቦውን አገላብጣ አየችው። ዳቦ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ጨምሯል፣ መጠኑ ደግሞ በዚያው ልክ አንሷል፤ እሷ ግን ከመቁረሷ በፊት ሁልጊዜ ታገላብጠዋለች፣ የጎደለውን ከታች የምታገኘው ይመስል። ለእሱ ትልቁን ቆረሰችለት። እኔ ሻይ ቀዳሁ። 

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ስልኬ ጮኸ፤ መልእክት ነው። ለካ መሥሪያ ቤቱ የእሱን ነጥብ ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ልማዴ ነው፣ ቁም ነገር ያለበትን ጽሑፍ በልቤ ማንበብ አላውቅበትም። "የተከበሩ አመልካች፣ በሦስቱ የሙከራ ቀናት ባሳዩት የቴክኒክ ችሎታ እጅግ ተደስተናል። ይሁን እንጂ ከቡድናችን ባህል ጋር ያለዎት መጣጣም የሚጠበቀውን ያህል ሆኖ ስላላገኘነው በዚህ ጊዜ አብረን መቀጠል አንችልም። መልካሙን ሁሉ እንመኝልዎታለን።" እማዬ ኩባያዋን አስቀመጠች።

"የምን ባህል ነው?" አለች። "ልትጋቢያቸው ነበር እንዴ?"

"እማዬ፣ አሁን በየቦታው አሠራሩ እንደዚህ ሆኗል" አለ ማሙሽ፣ ዓይኑን ከኩባያው ሳያነሳ።

"እኔ የማውቀው ሰው ለሥራ ሲሄድ ትችያለሽ አትችይም ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ባህሏ እንዴት ነው፣ ጠባይዋ እንዴት ነው የሚባለው ለጋብቻ ነው። አንተስ? እዚያው አይደለህ እንዴ? ለእህትህ አንዲት ቃል ብትናገርላት ምን ነበረበት?"

"ተናግሯል እማዬ" አልኳት። "በደንብ ነው የተናገረው።"

ያኔ ነው ቀና ያለው። እኔን አየ፣ ከዚያ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አየ፣ ከዚያ ወደ ላይ ቀዳዳዋን። ገባው። እማዬ አልገባትም፤ "ተባረክ" ብላ ሌላ ዳቦ ቆረሰችለት። እሱም ተቀብሎ በላ፤ ምን ያድርግ፣ ለእናት አይ አይባልም። እኔ ተነስቼ ልብሴን ቀየርኩ። ለቃለ መጠይቁ የለበስኩትን ግራጫ ኮት ለበስኩ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። በር ላይ ደረሰብኝ።

"እትዬ፣ ወዴት ነሽ?"

"ባህል ልማር" አልኩት።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ ጎን ለጎን ቆመን አንዱን ብረት ይዘን ሄድን። የእኔን ሊከፍልልኝ እጁን ሲዘረጋ ቀድሜው የራሴን ከፈልኩ። አርባ ደቂቃ ነው መንገዱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አርባ ደቂቃ ሙሉ ስናወራ አይበቃንም፤ ስለ ሹፌሩ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ እማዬ መድኃኒት። አሁን ግን እጁ ከእጄ አንዲት ጋት ርቆ ብረቱ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ጥፍሩን አያለሁ። ጥፍሩን ይበላል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ውሃ ቢሮው የደንበኞቹን መዝገብ ለሌላ ድርጅት አስረክቦ እኛን ካሰናበተ አስራ አንድ ወር ሆኖናል፤ በነዚህ ወራት ይህ እጅ ብቻውን ነው ቤቱን የያዘው። ይህንንም አልረሳሁም። ያልረሳሁት ግን ሌላም ነገር ነበር።

የእሱ መሥሪያ ቤት ለክሊኒክና ለሆስፒታል የበሽተኛ ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ለሙከራ አስገቡኝ። እዚያ ሰው ሁሉ ጆሮው ላይ ሄድፎን ደፍቶ ነው የሚውለው፤ ከኪቦርድ ቋ ቋ በቀር ምንም አይሰማም። አምስት ሰዓት ሲሆን ግን ሁሉም ብድግ ይልና ጆተኒው ላይ ተሰብስቦ ይንጫጫል። ምሳ በጋራ ያዛሉ፣ ሂሳቡን ይካፈላሉ፤ የአንድ ቀኑ ድርሻ የእኛን ቤት የሦስት ቀን አስቤዛ ይሸፍናል። እኔ ምሳዬን ቋጥሬ ሄድኩ። "ውይ! ምሳ ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ ሠራተኛ መቅጠር ሥራዋ የሆነው ቀጣሪዋ፣ አልጋዬን ተሸክሜ የመጣሁ ይመስል። ሐሙስ ማታ አብረው ይዝናናሉ፤ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እዚያ ትልቅ ትንሽ የለም፣ ሁሉም አንተና አንቺ ነው የሚባባለው፤ አፌ አልለመደልኝምና ሥራ አስኪያጁን "እርስዎ" አልኩት። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። "ዘና በይ እንጂ!" አለኝ። ቢያመሰግንም ዘና በሉ፣ ቢቆጣም ዘና በሉ ነው፤ እኔም በሆዴ ዘናው ብዬ ስም አወጣሁለት።

ይህ ሁሉ ይለፍ። ዋናው ጥፋቴ ሌላ ነበር። ውሃ ቢሮ ሳለን አንድ ደንብ ነበረን፤ ከመዝገብ ላይ ምንም ነገር የሚሰርዝ ሰው ትእዛዙን ከመጫኑ በፊት ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላ ሰው ከኋላው ቆሞ ይሰማል፣ የገባው እንደሆነ "ሰማሁ" ይላል። ያኔ ብቻ ነው የሚጫነው። ደንቡ ከሰማይ አልወረደም። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ባለሙያ የአንድ ሰፈር ቆጣሪ በሙሉ በስህተት ሰርዞ፣ ሰዉ ለሦስት ወር የጎረቤቱን ውሃ ሲከፍል ከርሞ፣ በመጨረሻ የቢሮው መስኮት በድንጋይ ረግፏል። ከዚያ ወዲህ እኔ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ አንድ ሰው ከመዝገባችን አልጠፋም። እዚህ በሁለተኛው ቀን የሰጡኝ ሥራ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ በሽተኞችን የሚያጸዳውን ትእዛዝ መፈተሽ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት "ሰማህ?" አልኩት። ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮው አንስቶ "ምን?" አለኝ። ደገምኩለት። "እሺ፣ ተጫኚዋ" አለኝ። እሺ ማለትና መስማት አንድ አይደለም። አልተጫንኩም።

ትእዛዙ ምን ይላል መሰላችሁ? ስልክ ቁጥራቸው አንድ የሆኑ ካርዶች በሙሉ የአንድ ሰው ናቸው፤ በቅርብ የታከመውን አስቀር፣ ሌላውን ሰርዝ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ስልክ ያላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ልጆች የጻፉት ቢሆን አይገርመኝም ነበር። በአንድ ስልክ እናት፣ አያትና አራት ልጅ የሚመዘገብበት ቤት እንዳለ ማን ይንገራቸው? ግን ከፋይሉ አናት ላይ የጻፈው ሰው ስም ነበረ፤ የወንድሜ ስም። የእኛ ቤት ልጅ! ቀና ስል ከወዲያኛው ጥግ አንገቱን ቀብሯል። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላዋረድኩትም። ስሙን ሳልጠራ "ይህ ትእዛዝ ሰው ያጠፋልና ይስተካከል" ብዬ ሁለት ገጽ ጽፌ ለዘናው ሰጠሁ። እህት አይደለሁ? ሸፈንኩለት። እሱ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ከአምስት አንድ ሰጠኝ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ስንወርድ እጄን ያዝ አደረገኝ። ከአርባ ደቂቃ ዝምታ በኋላ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"እትዬ፣ እባክሽ እዚያ ስንደርስ ማሙሽ እንዳትዪኝ።"

መሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ መስታወት ነው፣ በሩ መስታወት ነው፣ የስብሰባ ክፍሉ ሳይቀር መስታወት ነው፤ እንዲህ ሁሉም ነገር እየታየ አንድ ሰው ለምን እንዳልተቀጠረ ብቻ የማይታይበት ቤት አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል "እዚህ ሠራተኛ የለም፤ ቤተሰብ እንጂ" የሚል ተጽፏል። ቀጣሪዋ ስታየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ በሙከራው ጊዜ ቻርጀሬን ረስቼ የራሷን ሰጥታኛለች። "ቀጠሮ ነበረሽ?" አለችኝ። "ቀጠሮ የለኝም፣ ደብዳቤ ነው ያለኝ" አልኳት። ዘናው ድምፄን ሰምቶ እጆቹን ዘርግቶ መጣ። እህል የሞላ ጆንያ የሚመስል መቀመጫ አላቸው፣ እሱ ላይ ሊያስቀምጠኝ ፈለገ። እዚያ ላይ አንዴ የተቀመጠ ሰው ሳይረዱት አይነሳም፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ማንም እንዲረዳኝ አልፈለግኩም። የብረት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር ግን፣ ምን እደብቃለሁ። አስራ አንድ ወር ሙሉ ሃያ ሰባት ቦታ አመልክቼ ለሙከራ የጠራኝ ይኸው አንዱ ቤት ብቻ ነው፤ ዛሬ ከተጣላሁት ሌላ የለኝም።

"ዘና በይ" አለኝ። "አየሽ፣ በችሎታሽ ማንም አልተጠራጠረም። እኛ ግን ሰው ስንመርጥ አንድ ጥያቄ ነው የምንጠይቀው፤ ከሥራ በኋላ ከዚህ ሰው ጋር መዝናናት እፈልጋለሁ ወይ?"

"እርስዎ ጥርስዎን ሲያስነቅሉም ሐኪሙን የሚመርጡት እንደዚያ ብለው ነው?"

ከሄድፎኖቹ መሃል አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፣ ከዚያ ሳል አስመሰለው። ዘናውም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። "አየሽ እንግዲህ፣ እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን" አለኝ።

"እኔ ቤተሰብ ሞልቶኛል" አልኩት። "ያጣሁት ሥራ ነው።"

ማሙሽ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ያልተከፈተ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጧል። አላየሁትም መሰለው። ዘናውን ሌላ ነገር ጠየቅኩት፤ ሁለት ገጽ የጻፍኩበት ትእዛዝ ተስተካክሎ እንደሆነ። የትኛው ትእዛዝ? አለኝ። ወረቀቱን አላነበበውም። "አንቺ ስትጽፊ ትንሽ አሉታዊ ነገር ይበዛሻል" አለ፣ በጣም በፍቅር። "ለማንኛውም ስጋት አይግባሽ፣ ሁሉም ነገር ተፈትሿል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የትልቁን ሆስፒታል መዝገብ በሙሉ አጽድተን እናስረክባለን።" ትልቁ ሆስፒታል! እማዬ ለደም ግፊቷ በየወሩ የምትሄድበት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የመጣሁት ለራሴ ነበር። ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ።

"ማሙሽ!" አልኩ፤ እንደ ቤታችን፣ ከግቢ ስጠራው እንደማደርገው፣ በሙሉ ድምፄ። "ማሙሽ፣ ና! የጻፍከውን አምጥተህ ጮክ ብለህ አንብበው።"

ጆሮ ዳባ ልበስ ቢል ደስ ይለው ነበር፣ ግን እትዬ ጠርታው ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። እግሩ ራሱ አመጣው። ጆሮው ቀልቷል። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ክንዱ ላይ አድርጎ ቆመና አነበበ፤ መጀመሪያ ለራሱ፣ "አልሰማንም" ስለው ደግሞ ጮክ ብሎ። "ስልክ ቁጥራቸው አንድ የሆኑ ካርዶች በሙሉ የአንድ ሰው ናቸው። በቅርብ የታከመውን አስቀር። ሌላውን ሰርዝ።"

"እማዬ ሆስፒታሉ ውስጥ ካርዷ በማን ስልክ ነው የተመዘገበው?"

"በእኔ።"

"የእኔስ?"

"በእኔ። ቀጠሮ ሲኖራችሁ እኔ ጋ እንዲደወል ብለን..."

"ከሦስታችን መጨረሻ የታከመው ማነው?"

"እኔ" አለ። "ጥርሴን።"

"እንግዲህ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤታችን ማን ይቀራል?"

 ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሲያሰላ ነው፣ ልጅ ሆኖ ሒሳብ ሳስጠናው እንደሚያደርገው። "እኔ ብቻ" አለ በመጨረሻ። የእማዬ ካርድ ላይ በቀይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ፔኒሲሊን እንዳይሰጣት፣ አለ፤ አንዴ ተሰጥቷት ፊቷ አብጦ ሁለት ቀን አልጋዋ ሥር ቁጭ ብለን አድረናል፣ ያውቃል። ያ ቀይ ጽሑፍስ የት ይሄዳል? አልኩት።  ባለ ሄድፎኖቹ አንድ በአንድ ከጆሯቸው አውልቀዋል። ያ "እሺ፣ ተጫኚዋ" ያለኝ ወጣት ወንበሩን አዙሮ "የእኔም እናት በእኔ ስልክ ናት እኮ" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። "የእኔም አያት" አለች ሌላዋ። ዘናው አንዴ እነሱን፣ አንዴ እኔን አየና "አቁሙት፣ አቁሙት፣ ስምንት ሰዓቱን ሰርዙት፣ ለሆስፒታሉ እኔ እደውላለሁ" አለ።

ከዚያ አጨበጨበ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ግራ ገብቷቸው አጨበጨቡ። "ጎበዝ! ጀግና! የምንፈልገው መንፈስ ይሄ ነው!" አለ።

"እንግዲያው ሰኞ ልግባ?" አልኩት።

እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። ያው፣ አለ። እንግዲህ፣ አለ። ውሳኔው የቡድኑ እንደሆነ፣ ነጥብ ተሰጥቶ እንዳለቀ፣ ችሎታ ሌላ ባህል ሌላ እንደሆነ ነገረኝ። ግን በሩ ክፍት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥማቸው አልፎ አልፎ ከውጭ ቢጠሩኝስ? ለቀኑ ይከፍሉኛል። ደሜ ፈላ። "እንደ ቧንቧ ሠራተኛ?" አልኩት። "ሲያፈስ ሊጠሩኝ፣ ሲዘጋ ሊያወጡኝ? ወይ ወንበር ስጡኝ፣ ወይ የማልቀጠርበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ባህል የምትለዋ ቃል ግን እንዳትገባበት።" ከውሃ ቢሮ ስንሰናበት ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ያለችው ጸሐፊ ለሁላችንም የነገረችን ነገር ነው፤ ተስማሚ አይደለችም፣ ባህል ምናምን ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መከራከር አይቻልም፣ የተጨበጠ ምክንያት ያለው ወረቀት አምጡ ብላናለች። ዘናው ለቀጣሪዋ "ጻፊላትና ትሂድ" አላት። ቀላል መስሎት ነበር።

ወንበሬን ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት አድርጌ ተቀመጥኩ። "አመልካቿ በቂ ልምድ..." ብላ ጀመረች፣ አስራ ዘጠኙ ዓመት ትዝ አላትና አጠፋችው። "ዕድሜ" የሚል ጻፈች፣ በፍጥነት ሰረዘችና አይቻት እንደሆነ በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ ተመለከተችኝ። አይቻለሁ። "ከሥራ ሰዓት ውጭ ባሉ ዝግጅቶች..." አለች፤ ዘናው ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ "ይሄንማ እንዳትጽፊ" አላት። "ጮክ ብላ ስለምታነብ" ተጻፈ፤ ይህ ደግሞ ከደቂቃዎች በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ምን እንዳዳነ ሁሉም ስለሰማ ማንም ሳይናገር ጠፋ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ጆተኒው ጋ የሄደ ሰው የለም። ምሳ ማዘዣው ሰዓት አለፈ። እኔ ከዚያ ወንበር አልነቃነቅም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ወገቤ አመመኝ፣ ውሃ ጠማኝ፤ ማን ይነሳል! ቀጣሪዋ ላቧ መጣ። ለካ አንዲት ቃል ሲወስዱባቸው የሚናገሩት የላቸውም።

"አንዴ ተነሽልኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማሙሽ ነው። ቀጣሪዋ ለመነሳት ጊዜ አላጠፋችም፤ እፎይ ብላ ወንበሩን ለቀቀችለት። ተቀምጦ ጻፈ፣ አንዴም ሳያጠፋ። "ብሮ፣ ረጋ ብለህ አስብበት" አለው ዘናው፣ ከትከሻው በላይ እያነበበ። "ይሄ እኮ አንተንም ይነካሃል። ቦታህን አስብ።" ማሙሽ የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነ። ማተሚያው ወረቀቱን ተፋው። ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቀጣሪዋ ሰጣት፤ እኔን ማየት አልቻለም። ከእጇ ላይ አዘንብዬ አየሁት። "አመልካቿ ያልተቀጠረችው የእኔን ስህተት ስላገኘችብኝ ነው። ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ የፈራሁትም እሷን ነው" ይላል። እንባዬ መጣ። ይቅር ብዬው አይደለም፤ ይህ ይቅርታ ገና እቤት ብዙ ማታ ይፈጃል፣ ምናልባትም ዓመት። ግን ኩራት የሚባለው ነገር ከንዴት ጋር አንድ ላይ ሆድ ውስጥ መቀመጥ እንደሚችል ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

ዘናው ወረቀቱን ከቀጣሪዋ እጅ ወሰደ፣ አገላበጠው። "እንደሱ ከሆነማ ይሄ የእህትና የወንድም ጉዳይ ነው፣ ድርጅቱን አይመለከትም" አለ። "ቤታችሁ ሄዳችሁ ተነጋገሩበት። ወረቀቱ እዚህ ይቅር።"

"ድርጅቱ ነው ነጥብ ያሰጠው፣ ወረቀቱም የድርጅቱ ነው" አልኩት። "ማህተም ይደረግበት።"

"ማህተም? እትዬ፣ ዘና..." አለ ዘናው፣ እንደ ወንድሜ ጠርቶኝ።

"ማህተም።"

ቤቱ በሙሉ ይመለከታል። ቀጣሪዋ ዘናውን አየች፣ ወንድሜን አየች፣ ከዚያ እኔን ረዘም አድርጋ አየችኝ። ወረቀቱን ከዘናው እጅ ቀስ አድርጋ ተቀበለችው። መሳቢያዋን ስባ ማህተሙን አወጣች፣ እፍ እፍ አለችበትና ከወንድሜ ፊርማ በላይ አስተካክላ መታችው።